ስም የለሿ ወፍ

በግጥሞቻችን ውስጥ ወፍ ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዷም ስም የላትም። ትዘምራለች፣ ትበራለች፣ ነፃነትን ወይም የራቀ ፍቅረኛን ትወክላለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንነቷን የሚጠይቅ የለም። ከ800 በላይ የአእዋፍ ዝርያ በሚገኝባት አገር ይህ ምናብ ሳይሆን ስንፍና ነው።

በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ማለዳ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ውረዱ። ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅም፣ ቢጫ ደረት ያላት፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ ታገኛላችሁ። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ብርዱን ሸሽታ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ናት፤ አሁን ስብ አከማችታ፣ በረሃና ባሕር አቋርጣ፣ ጎጆዋን ልትቀልስ ትመለሳለች። በዚሁ ወቅት ወደ ሰሜን የሚጓዙ ብዙ ዘማሪ ወፎችም ሌሊት፣ በከዋክብት እየተመሩ ይበራሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ቅኔ እንሻለን?

«ግጥም የሥነ ሕይወት መማሪያ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ሆኖም «የመስቀል ወፍ» የሚለውን ዘይቤ ያወረሰን ወፍን ከወቅት ጋር አስተባብሮ ያስተዋለ ባላገር ነው። እኛ ዘይቤውን ይዘን ማስተዋሉን ጣልን።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአብጃታ ሐይቅ ገባር ወንዙ ለመስኖ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተቀዳ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። ስንቱ ገጣሚ ሙሾ አወረደለት? ቀኔን በባንክ መስኮት ብር በመቁጠር የማሳልፍ ነኝና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ያልተቆጠረ ሲጎድል አይታወቅም። ስም ያልተሰጠውም እንዲሁ ነው።

ገጣሚ ሆይ፣ ከብዕርህ በፊት ጫማህን አንሣ።