እጥበት የጀመረ ሰው ይብላ

የኩላሊት ታማሚ ባለበት ቤት ከሐኪሙ ይልቅ ጠንካራው ከልካይ ቤተሰቡ ነው። «ሥጋ እንዳትነካ፣ እንቁላል ይቅርብህ፣ ወተት አይሆንህም!» ክልከላው ከፍቅር የመጣ ነው፤ እጥበት ከመጀመሩ በፊትም ተገቢ ነበር፤ የደከመ ኩላሊት ፕሮቲን ሲበዛበት ይጎዳልና። እጥበት ከተጀመረ በኋላ ግን ያው ምክር ታማሚውን ይጎዳዋል ባይ ነኝ።

ደም የሚያጥበው ማሽን ቆሻሻውን ብቻ መርጦ አያወጣም። በአንድ እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የአንድ ወይም የሁለት እንቁላል ፕሮቲን ያህል፣ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ሲበቃው፣ የሚታጠበው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ይህ በእንጀራና በስስ ሽሮ ብቻ አይሞላም።

በዚህ ላይ ብግነት አለ። ታጥቦ የማያልቀው መርዝ፣ አንገት ላይ የገባው የእጥበት ቱቦ (ካቴተር)፣ የታመመ ድድ ሰውነትን ያለ ዕረፍት ያስቆጡታል። የተቆጣ ሰውነት የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጉበቱም አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን መሥራቱን ይቀንሳል። ያልበላውን ኢንፌክሽን ያገኘዋል፤ ኢንፌክሽኑ ብግነቱን ያባብሰዋል፤ ብግነቱ መልሶ ከማዕድ ያርቀዋል። ነጭ የደም ሴሎቹ ቁጥራቸው ባይጎድልም ጀርም የመዋጋት አቅማቸው ይደክማል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለእጥበት ታካሚ በእጥፍ መጠን የሚሰጠውም በተለመደው መጠን በቂ መከላከያ ስለማያመርት ነው። ከልብና ከደም ሥር ሕመም ቀጥሎ እነዚህን ሰዎች በብዛት የሚገድላቸው ኢንፌክሽን ነው።

እርግጥ የውሃው፣ የጨው፣ የፖታሺየሙና የፎስፈረሱ ገደብ እንዳለ ነው፤ ሙዝና አቮካዶ እንደልብ አይበላም። የእንቁላል ነጩ ግን ፎስፈረሱ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ጾም የሚያሳስበውም ሕመሙን ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ላይ ጾም አታከብድም።

ከሁሉም የሚከብደው ገንዘቡ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባው አቅም አንሶት ሁለቴ የሚታጠብ ብዙ ነው፤ የእጥበቱን ክፍያ ለመሙላት የሚቀነሰውም ከቀለቡ ነው። ስለዚህ ለታማሚ ስናዋጣ የማሽኑን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሚበላውንም እናስብ። ቤተሰብም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ አልቡሚኑ ስንት ደረሰ? ካቴተሩስ በፊስቱላ፣ ማለትም ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና በሚገናኝ የደም ሥር፣ የሚተካው መቼ ነው?