ለኬሚስትሪም አቡጊዳ ያስፈልገዋል

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁ ሀሁን ስላዜመ ብቻ ፊደል ለየ አይሉትም። ያንኑ ፊደል በሌላ ቅደም ተከተል፣ «አ ቡ ጊ ዳ» እያሉ ያስቆጥሩታል። ፊደሉን ያወቀውና ዜማውን ብቻ የያዘው እዚያ ይለያል።

የኬሚስትሪ ተማሪያችን ግን አቡጊዳ የለውም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፔሪዮዲክ ቴብል ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ሌላ አደራደር መኖሩን የሚነግረው የለም።

ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሰንጠረዥ ሂሊየም ከኒዮን በላይ ሳይሆን ከቤሪሊየም በላይ ተቀምጧል። በጠባዩ ካየነው ሂሊየም እንደ ኒዮን ከሌላው ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። በኤሌክትሮኑ ካየነው ደግሞ እንደ ቤሪሊየም ውጪኛው ሼል ላይ ሁለት አለው።

መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ሰቅላችሁ «ሂሊየም የት ይቀመጥ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሸመደደ አይመልሰውም፤ የገባው ግን ይመልሰዋል።