የአዛውንት ፊርማ አማና ነው

በረመዳን አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ስልክ ይበዛል። እኛ ለሱሑር ስንነሳ ሎስ አንጀለስ ያሉት ለኢፍጣር የሚሰናዱበት ሰዓት ገደማ ነው። ዘንድሮ ስትደውሉ የእናት የአባትን ጤና ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ነገር ጨምሩ፤ በቅርቡ የፈረሙት ወረቀት አለ ወይ?

በዚያ አገር ሆስፒስ የሚባል አገልግሎት አለ። በሽታው እንደማይድን ታውቆ፣ ዕድሜው ከ6 ወር እንደማያልፍ ሐኪሞች ለመሰከሩለት ሰው፣ ሕመሙን የሚያስታግሱ ባለሙያዎች ቤቱ ድረስ ይመላለሱለታል። ወጪውን የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ይሸፍናል። በራሱ መልካም ሥራ ነው። ሕመምተኛን ከስቃይ ማሳረፍ ከሸሪዓ ጋር አይጋጭም። ሆስፒስ መግባትን በአላህ ተስፋ ከመቁረጥ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ቀዳዳው ክፍያው ላይ ነው። ሜዲኬር ለድርጅቱ የሚከፍለው በቀን ሒሳብ ነው፤ የዚያን ዕለት ነርስ መጣችም ቀረችም። ስለዚህ ለአጭበርባሪ የሚያዋጣው ሊሞት የተቃረበው በሽተኛ ሳይሆን ብዙ ቀን የሚቆይለት፣ ብዙም የማያስቸግረው አዛውንት ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በሎስ አንጀለስ ቫን ናይስ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ፈቃድ ያላቸው ከ150 በላይ የሆስፒስና የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅቶች ተመዝግበው ተገኝተዋል። ሕንፃው ያን ሁሉ የሚይዝ አልነበረም።

በር ያንኳኳሉ። ዳይፐር፣ ወተት፣ ቤት የምታግዝ ሰው በነፃ እንሰጣለን ይላሉ። እንግሊዝኛ የማያነቡት እናት ይፈርማሉ። በዚያች ፊርማ ግን ለበሽታቸው የሚያድን ሕክምና በሜዲኬር ማግኘታቸውን ትተዋል። ይህን የሚሰሙት ሌላ ቀን ታመው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ነው።

ከቁርኣን አያዎች ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ውል መጻፍ ነው። ደካማ ለሆነ፣ ወይም ራሱ ማስጻፍ ለማይችል ሰው ወሊዩ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። እኛ መድረሳ ሳለን ይህን አያ የተማርነው በብድርና በንግድ ምሳሌ ነበር። ደጃፍ ላይ ለእናት የሚዘረጋው ወረቀት ከብድር ውል አያንስም። ልጅ አጠገባቸው ሳይኖር ሊፈረም አይገባም።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ብዙ ወገኖቻችን እዚያ አረጋውያንን በመንከባከብ ይተዳደራሉ፤ ሐላል ላብ ነው፣ አላህ ይባርክላቸው። ሆኖም "ሰው አምጣ፣ በሰው ይህን ያህል እንከፍልሃለን" የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ይህ ገንዘብ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ሐራም ነው። የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማንን ጎዳሁ የሚል ይኖራል። ያ ገንዘብ የሌላ ሽማግሌ መታከሚያ ነው፤ የፈረሙት እናትም ሕክምናቸውን አጥተዋል። ተርፎ ወደዚህ ለኢፍጣር ማዕድ ቢላክ፣ ሰደቃ ተብሎ ቢሰጥ አይጸዳም። ተቀባዩ ቤተሰብም የገንዘቡን ምንጭ ካወቀ ዝም ማለት የለበትም።

የፈረመ ሰው መውጫ አለው። በፈለገ ጊዜ ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ሆስፒሱን መተው ይችላል፤ የቀድሞው የሜዲኬር ሽፋኑ ይመለስለታል። ሳያውቅ ተመዝግቦ ከሆነ በ1-800-633-4227 ለሜዲኬር ያመልክት፤ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል። ሜዲኬር በየጊዜው በፖስታ የሚልከውን የሒሳብ መግለጫም ሳይከፈት አትጣሉት። ያልመጣች ነርስ፣ ያልተሰጠ ሕክምና የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።