እሷነቷን ለምን እሷ ታስረዳ?

በፈረንጆች 1995 ለዕይታ በበቃው «ዘ ኔት» በተሰኘው የሆሊውድ ፊልም፣ ሳንድራ ቡሎክ የምትጫወታት ሴት ከዕረፍት ስትመለስ ስሟ ተወስዶ ይጠብቃታል። ቤቷ ለሽያጭ ቀርቧል፣ መዝገቧ በሌላ ስም ተተክቷል፣ አዲሱ ስሟ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ የወንጀለኛ ስም ነው። ፊልሙ ልብ የሚሰቅለው በአንድ ብልሃት ነው። ሴትየዋ ከቤቷ ሳትወጣ በኮምፒውተር የምትሠራ፣ ጎረቤት መልኳን የማያውቃት፣ እናቷም በመርሳት በሽታ ምክንያት ልጇን የማትለይ ብቸኛ ሰው ናት። «አዎ፣ እሷ ናት» የሚል አንድ ጎረቤት ቢገኝ ኖሮ ታሪኩ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆምም ነበር። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ወላይታ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዞኑ በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ቦዲቲና አረካ ጓሮ ከጓሮ ይገናኛል። ሶዶ ገበያ ላይ የምትነግድ ሴት በዕድሯ፣ በቤተ ክርስቲያኗና በደንበኞቿ ዘንድ እስከ አያቷ ስም ድረስ ትታወቃለች። ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቃት ሴት ግን ሒሳቧ በስሟ ባዶ ከተደረገ በኋላ ባንክ መስኮት ፊት ስትቆም ከፊልሙ ሴት የተሻለ ዕድል የላትም። ያ ሁሉ ምስክር እዚያ መስኮት ላይ አይቆጠርም።

ማንነት እንዴት እንደሚሰረቅ ስናስብ ብዙዎቻችን ሌሊት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የሚያድር ሰርሳሪ ይታየናል። እውነቱ ከዚያ በጣም የተራ ነው። ለማሳያ ያህል አንዲት ቅቤ ነጋዴ እንበል። ሲም ካርዱን ያወጣላት የእህቷ ልጅ ነው፤ የተመዘገበውም በእሱ መታወቂያ ነው። ቴሌብሩን የከፈተላት የሱቅ ልጅ ነው፤ ሚስጥር ቁጥሩን «እንዳይጠፋብዎት» ብሎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ በወረቀት ጽፎ አስቀምጦላታል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ወላይትኛ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ መልእክት ሲገባላት የምታነብበት ዓይን የሌላ ሰው ነው፤ ገንዘብ ስትልክም ቁልፉን የሚጫነው ጣት የሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። «ከባንክ ነው የምንደውልልዎት፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን።» አጠገቧ ያለው ልጅ ቁጥሩን ያነብላታል፣ እሷም ትደግመዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃ ሥራ ነው። ወላይታ ውስጥ ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለሰንጋው ሴቶች ደግሞ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ እንደሚያጠራቅሙ ላወቀ ሰው፣ ከዚያ ስልክ የወጣው ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ ይገባዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ምንም አልሰበረም። ሌባው የገባው ተከፍቶ ባገኘው በር ነው፤ በሩን የከፈተው ደግሞ የሴትየዋ ሞኝነት ሳይሆን አገልግሎቱ የተዘረጋበት መንገድ ነው። መታወቂያችን ለረጅም ዘመን የቀበሌ ካርድ ነበር፤ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም የተመታበት፣ ጸሐፊው እንደሰማው ስም የተጻፈበት ወፍራም ወረቀት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። እዚህ ላይ የእኛ የስም ሥርዓት ይጨመርበት፤ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ እስከ አባት ድረስ የሚመሳሰሉ ሰዎች ሞልተዋል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ደግሞ አንድ ስም በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በቀበሌ ካርድና በባንክ ደብተር ላይ ሦስት መልክ ቢይዝ አይደንቅም። ለተራ ጉዳይ ይህ «ያው ነው» ተብሎ ይታለፋል። የተሰረቀች ሴት አቤት ስትል ግን ያ የአንዲት ፊደል ልዩነት «ይህች ሰው አንቺ ለመሆንሽ ማስረጃ አምጪ» የሚያስብል ምክንያት ይሆናል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የሌላን ሰው ማንነት የሚገልጽ ዳታ ያለፈቃዱ ያገኘ፣ የያዘ፣ የሸጠ ወይም ያስተላለፈ ሰው እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ዜጋው ስለ እሱ የተያዘው መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቶ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስረክቧል። ሁለቱም ደግ ሕጎች ናቸው። የወንጀል አንቀጹ ግን ሌባው እስኪያዝ ይጠብቃል፤ የስልክ ሌባ ደግሞ በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ስለሚደውል መያዙ ቀላል አይደለም። ቢያዝ እንኳ ቅጣቱ የእሱ ነው እንጂ የሷን ጉዳይ አያስተካክልም።

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። ከእኛው ታሪክ የወጣ አንድ ታዋቂ ጉዳይ ያሳየናል። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ከፍተኛ 15 እስር ቤት እስረኞችን በማሠቃየት የሚታወቀው ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ፣ በፈረንጆች 2004 የሌላ ሰው ስም ይዞ፣ የዚያን ሰው ልጆች አባት መስሎ ከናይሮቢ ወደ አሜሪካ ገባ። ዜግነትም አገኘ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያህል ፎርምና አሻራ የሚሰበስብ የለም፤ ሰውየውን ያጋለጠው ግን ዴንቨር አካባቢ መልኩን ለይቶ ያወቀ አንድ የቀድሞ እስረኛ ነው። በፈረንጆች 2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከጥፋተኝነቶቹ አንዱ ማንነት መስረቅ ነበር። መዝገቡ ያላወቀውን የሰው ዓይን አወቀው። ፍርዱም ትክክለኛ ፍርድ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ ግን የሚቀጣው ሌባውን ነው፤ ስሙ የተወሰደበትን ሰው ጉዳይ በራሱ አያስተካክልም።

ስለዚህ ጥያቄው «ሌባውን እንዴት እንያዝ?» ከሚለው በፊት «እስከዚያው የማስረዳት ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ ይሁን?» የሚለው ነው። መልሱም ባንኩ፣ የሞባይል ገንዘብ አቅራቢውና ሲም ያወጣው ድርጅት ላይ ይሁን የሚል ነው። በስሟ የመጣውን ሰው እሷ ነች ብሎ የተቀበለ፣ እሷ መሆኗን ያረጋገጠበትን መንገድ እሱ ያሳይ። ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ በፈረንጆች 2017 ባወጣው መመሪያ፣ ባልተፈቀደ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ደንበኛው ጥፋተኛ መሆኑን የማስረዳት ኃላፊነት የባንኩ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ጥፋቱ የባንኩም የደንበኛውም ሳይሆን ሲቀር፣ ደንበኛው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ከኪሱ አንዲት ሩፒ አይወጣም።

«ቁጥሩን የነገረችው እሷው ራሷ ናት» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ በህንዱ መመሪያም ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠ ደንበኛ እስኪያሳውቅ ድረስ ያለውን ኪሳራ ራሱ ይሸከማል። እኔ እዚህ ላይ ከህንዶቹ እለያለሁ። በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ መልእክት፣ በሌላ ሰው እጅ እንድትጠቀም ተደርጎ የተዘረጋ አገልግሎት፣ ሚስጥር አልጠበቅሽም ብሎ ሊወቅሳት አይችልም። ሚስጥሩ ከመጀመሪያውም የእሷ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንግሊዞች ወደዚህ ሐሳብ ቀርበዋል፤ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተታሎ ገንዘብ ያስተላለፈ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ ይመለስለታል፣ ወጪውንም ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ከባድ ቸልተኝነት ያሳየ ደንበኛ ሊከለከል ይችላል፤ በተለይ ለጥቃት ተጋላጭ የሆነ ደንበኛ ላይ ግን ያ ክልከላ አይሠራም። የዚህ ሕግ ቁም ነገር ተቀባዩን ባንክ ማስገባቱ ነው። የሌባውን ሒሳብ የከፈተለት ማን ነው? በማን መታወቂያ? ይህን ጥያቄ ቅቤ ነጋዴዋ ልትመልሰው አትችልም፤ ባንኩ ግን ይችላል።

«ሰው ሁሉ ገንዘቡን እያወጣ ተሰረቅሁ ይላል» የሚሉም አሉ። ይሉ ይሆናል። ግን የማስረዳት ሸክም ባንኩ ላይ ሆነ ማለት ባንኩ ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለት አይደለም። የግብይቱ ሰዓት፣ የተጠቀመበት ስልክ፣ ገንዘቡን ያወጣው ወኪል፣ የካሜራው ምስል ሁሉ በእሱ እጅ ነው። አጭበርባሪውን ለመርታት የሚያስፈልገው ማስረጃ ያለው እሱ ጋ ሆኖ ሳለ፣ ምንም የሌላትን ሴት ማስረጃ አምጪ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ፋይዳ መጥቷል፤ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይፈታል» የሚል ነው። በ2015 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ባንኮችም ከአዲስ አበባ ተነስተው በየደረጃው ለሒሳብ መክፈቻ ግዴታ ማድረግ ጀምረዋል። አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌባው በአምስት ስም አምስት ሒሳብ የሚከፍትበትን ዘመን ሊያሳጥርልን ይችላል። ሆኖም ፋይዳ የሚያረጋግጠው አካሉ የማን እንደሆነ ነው፤ ፈቃዱ የማን እንደሆነ አይነግረንም። ህንድ ውስጥ አጭበርባሪዎች ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቁ የመሬት ውሎች የገበሬዎችን የአውራ ጣት አሻራ ገልብጠው፣ በሲሊኮን አባዝተው፣ በአሻራ ብቻ ገንዘብ የሚወጣባቸውን ሒሳቦች አራቁተዋል። ይህን ስንሰማ ወደ ራሳችን እንይ፤ ፊርማ የማይችሉ እናቶች በብድር ውሉም፣ በዕርዳታ መቀበያውም፣ በመሬት ሰነዱም ላይ አሻራቸውን ነው የሚያስቀምጡት። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። አውራ ጣት አይለወጥም። መታወቂያው በጠነከረ ቁጥር «በአሻራሽ ነው የወጣው» የሚለው መልስም አብሮ ይጠነክራል፤ የማስረዳት ሸክሙ ካልተዛወረ ፋይዳ ለተሰረቀችው ሴት ሌላ ግድግዳ ሊሆንባት ይችላል።

ሸክሙ መዝገቡን በያዘው ተቋም ላይ የሚወድቅበትን አካሄድ ወላይታ አይቶታል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ ክልል ለማቋቋም በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የምርጫ ቦርድ በዞኑ ሂደት ላይ ከባድ የሕግ ጥሰት አግኝቻለሁ ብሎ ውጤቱን ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን ደግሞ ድምፅ አሰጣጡ በዞኑ እንደገና ተካሄደ። ለእያንዳንዱ መራጭ «በስምህ የተሠራው ያንተ እንዳልሆነ አስረዳ» አልተባለም። መዝገቡን የያዘው ተቋም ስህተቱን ራሱ መርምሮ ሥራውን እንደ አዲስ ሠራው። ፖለቲካውን በተመለከተ እያንዳንዱ የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል። አካሄዱ ግን የድምፅ መዝገብ ላይ ከሠራ፣ የባንክ መዝገብ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ ይበቃል። አቤቱታው በቃል፣ በወላይትኛ ሳይቀር ይወሰድ፤ ገንዘቡ የሄደበት ሒሳብ በዚያው ሰዓት ይታገድ፤ የዕድር ዳኛና የቀበሌ ምስክርነት መስኮቱ ላይ ዋጋ ይኑረው፤ ባንኩ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ማስረጃውን ካላቀረበ ገንዘቡ ይመለስ፣ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥል። ቀናቱ መወሰናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ጊፋታ መስከረም ላይ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሒሳቧ የተራቆተባት ሴት «ምርመራው ሲያልቅ እንጠራዎታለን» ተብላ ብትሸኝ ቅቤውን መቼ ትገዛለች?