የአባያን ልጅ ውሃ ጠማው

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ምሳሌ ለዓባይ ዳር ሰው ብቻ የተነገረ አይመስለንም። በዲላ ለምንማረው ሥዕል ወዳጆችም በልካችን የተሰፋ ነው። ከመካከላችን ብሩሽ የጨበጠ ሁሉ «ውሃ ልሣል» ባለ ጊዜ የሚሥለው ባሕር ነው፤ ባሕሩም ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ነጭ ሸራ የዘረጋች ጀልባ፣ በዳሩም ዘንባባ አለ። ይህን ባሕር ከየት አገኛችሁት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ከሻይ ቤትና ከፀጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ፣ ከቀን መቁጠሪያ፣ ዛሬም ከስልካችን። አብዛኞቻችን ባሕር በዓይናችን አላየንም። ያየነውን ውሃ ግን አልሣልነውም። ክርክራችን ይኸው ነው።

እንዳንሳሳት፤ ባሕር መሣል ነውር ነው አላልንም። በዚህ ሞያ ስማቸው የተጠራ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ግን ልብ እንበል። ጃፓናዊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ ያወጣው ታላቁ ማዕበል የካናጋዋ ባሕር ማዕበል ነው፤ ከኋላው የሚታየውም የአገሩ የፉጂ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 «ዘጠነኛው ማዕበል»ን የሣለው አርመናዊው አይቫዞቭስኪ የተወለደው በጥቁር ባሕር ዳር ነው። ፈረንሳዊው ሞኔም እ.ኤ.አ. በ1872 የማለዳ ፀሐይ በውሃ ላይ ስትወጣ የሣለው ባደገባት በለሃቭር ወደብ ነው። ሦስቱም የሚያውቁትን ውሃ ሣሉ። እኛ የእነርሱን ባሕር ስንገለብጥ ሥዕላቸውን ወሰድን እንጂ ትምህርታቸውን አልወሰድንም።

አይቫዞቭስኪ የሚንቀሳቀስ ውሃ ከፊቱ ተቀምጦ ሊሣል አይችልም፣ በዓይን ተጠንቶ በልብ ተይዞ በኋላ ይሣላል ባይ ነበር። ይህ አባባል ለእኛ የምሥራች ነው። የሚጠይቀን ወደብ ወይም መርከብ አይደለም፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ረጅም ጊዜ መመልከትን ነው። ለዚህ ደግሞ ለገዳራና ዋለሜ ከበቂ በላይ ናቸው።

ዓይን ምን ይማራል ቢሉ፣ ብዙ ይማራል። ከእግራችን በታች ያለውን ውሃ ቁልቁል ስናይ ድንጋዩንና አሸዋውን እናያለን፤ ራቅ አድርገን በአግድም ስናይ ግን የምናየው ሰማዩን ነው። ስለዚህ አንድ ወንዝ በአንድ ቀለም ዳር እስከ ዳር ሊቀባ አይችልም። ውሃ ጸጥ ሲል የባሕር ዛፉ ምስል እንደ መስተዋት ይቀመጣል፤ ነፋስ ሲነካው ግን ያው ምስል ይቆራረጥና ወደ ተመልካቹ ይረዝማል፤ የእያንዳንዷ ሞገድ ጎን ከዛፉ አንዳንድ ቁራጭ ይወስዳልና። ነጸብራቅና ጥላም አንድ አይደሉም። ጥላ በጠራ ውሃ ላይ እምብዛም አያርፍም፤ በደፈረሰ ውሃ ላይ ግን እንደ መሬት ተዘርግቶ ይታያል። ይህን ለማወቅ ቲኬት ገዝቶ ሞምባሳ መሄድ አያሻም፤ በክረምት ድልድይ ላይ መቆም ይበቃል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ። ፈርዖን ከነሠራዊቱ ሲሰጥም ሲሥሉ ውሃውን በተጠማዘዙ መስመሮች ሞልተው፣ ፈረሱንና ሰውን በውስጡ አሳይተው ያልፋሉ። ውሃን እንደ ምልክት አሰቡት፤ መንገዱም የራሳቸው ነው። የእኛ ባሕር ግን የታሰበም የታየም አይደለም።

አሁን ወደ አባያ እንምጣ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ትልቁ እርሱ ነው፤ ከጌዴኦ ተራሮች የሚወርደው ውሃም በጊዳቦና በገላና በኩል ይደርሰዋል። ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የንግሥቱን ስም ሰጥቶ «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ስሙን መልሰናል፤ ቀለሙን ግን ገና አልመለስንም። አባያ ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ነው። መቅላቱም ወንዞች ከደጋው ጠርገው ከሚያመጡት ደለል ነው። አባያን በሰማያዊ የሚቀባ ተማሪ የሣለው ውበት ሳይሆን ሐሰት ነው። ቀይ አድርጎ የሣለው ግን ተመልካቹን «ይህ የማን ተራራ አፈር ነው?» ያሰኘዋል። ጌዴኦ በቁልቁለት ላይ ትልልቅ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ደራርቦ አፈሩን በመያዙ መልክዐ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያ መዝገብ በሥዕል ሲገለጽ ከወንዙ ቀለም የተሻለ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

ሌላም ውሃ አለን። በቡና ወራት ወደ ይርጋ ጨፌ መንገድ የወጣ ሰው ማጠቢያ ጣቢያዎችን ያያል። የተፈለፈለው ቡና በገንዳ ከሰነበተ በኋላ በሲሚንቶ ቦይ ይለቀቃል፤ ሠራተኞች በእንጨት መግፊያ ሽቅብ ይገፉታል፤ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይዘቅጣል። በዚያ ጠባብ ቦይ ውስጥ ሰማይ፣ የሰው ክንድና የቡናው ፍሬ አንድ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከታች ደግሞ የተለቀቀው እጣቢ ወንዙን ሲያጠቁረው ይታያል። ይህን ሁሉ ትቶ የማያውቀውን ዘንባባ የሚሥል ሰው ምን እንበለው?

«ቀለም ውድ ነው፤ መምህርም የለንም» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው። ነገር ግን ውድ የሆነው ሰማያዊው ቀለም ነው። ቡና በውሃ በጥብጦ በወረቀት ላይ ከቀጭን ቡናማ እስከ ጥቁር ማውጣት ይቻላል፤ ቀይ አፈርም ከደጃችን አለ። አባያን በአፈሩ ከመሣል የበለጠ ተገቢ ነገር አይታየንም። «ምናብ ነጻ ነው» ለሚሉም መልሳችን ይህ ነው፤ ነጻ ነው፤ ግን ዓይን ያላቀበለውን ምናብ ከየት ያመጣዋል? ባዶ ሲሆን የሰው ግድግዳ ይገለብጣል።

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው የሥዕል ትርኢት ማንም ተማሪ ውሃ ሥሎ ሲያቀርብ ከሥሩ የወንዙን ወይም የሐይቁን ስም፣ ያየበትን ወርና ሰዓት ይጻፍ። ስም የሌለው ውሃ አይሰቀል። ይህ ሕግ ጠበቀ የሚል ወገን ካለ መጽሔታችን ክፍት ነውና ይጻፍልን፤ እኛም በትሕትና እናነበዋለን።