ጊዜ የሌለው ድንጋይ

ከሐዋሳ በስተሰሜን ያለው የሻላ ሐይቅ የተኛው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ተደርምሶ በቀረ ጎድጓዳ ላይ ነው። አመዱ ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ድረስ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ ላይ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ በ2022 ተመራማሪዎች ከቅሪቱ በላይ የተነጠፈው አመድ የሻላ መሆኑን በኬሚካዊ ይዘቱ ለዩ። የሻላን ድንጋይ ሲለኩት 233 ሺህ ዓመት ገደማ ሆነ። ቅሪተ አካሉ ከአመዱ ሥር ነውና በዕድሜ አመዱን ይበልጠዋል።

ድንጋዩ ዕድሜውን የያዘው በፖታሲየም 40 ነው። እነዚህ አቶሞች ሲፈርሱ ከፊሎቹ አርጎን ይሆናሉ፤ ግማሾቹ እስኪፈርሱ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል።

ድንጋይ ጊዜን እንዲህ ውስጡ ከያዘ፣ ያለ ጊዜስ ሊኖር ይችላል? ቦታና ቁስ አካል ያለ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ ወይ ሲባል፣ ብዙ ሰው ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ የቆመበትን ዓለም በዓይነ ኅሊናው ይሥላል። ሐይቁ አለ፣ ተራራው አለ፣ እንቅስቃሴ ብቻ የለም። ይህ ሥዕል ያታልላል። የድንጋዩ ሙቀት የአቶሞች ንዝረት ነው፤ ቀለሙ የብርሃን ሞገድ ነው። ክብደቱስ? እዚህ ላይ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ያስደንቃል፦ ድንጋይ ከእጅ ሲለቀቅ የሚወድቀው በዋናነት ጊዜ ከላይ ይልቅ ከታች ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ሐዋሳ ባለው ታቦር ተራራ አናት ላይ የተቀመጠ የአቶም ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው በእጅግ ጥቂት ይቀድማል። ጊዜ ሲወጣ ሙቀቱም ቀለሙም ክብደቱም አብረው ይወጣሉ። የሚቀረውን ድንጋይ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ብርቱ ተቃውሞ ግን አለ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጆን ዊለርና ብራይስ ዴዊት ለመላው ጽንፈ ዓለም ባዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመው እኩልታ ውስጥ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። ጁልያን ባርቡር የተባለው እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፉ ጊዜ የለም እስከ ማለት ደርሷል። የተሻለው መልስ የፊዚክስ ሊቃውንቱ የፔጅና የዉተርስ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሉት፣ ጽንፈ ዓለሙ በጠቅላላው ባይለወጥም፣ ውስጡ ያለ ተመልካች አንዱን ክፍል ሰዓት አድርጎ ሌላውን ሲያይ ለውጥ ያያል።

ይህ አሠራር ለሲዳማ እንግዳ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የዘመን መለወጫ በዓሉን የፊቼ ጫምባላላን ዕለት የሚቆርጡት ሰማዩን በማየት ነው፤ ጨረቃን በከዋክብት ይለካሉ። አያንቶዎቹ ጊዜን ከሰማዩ ነጥለው አያዩትም። የዊለርና የዴዊት እኩልታም ጊዜን አላጠፋውም፤ ቁስ ከቁስ ጋር በሚያያዝበት ውስጥ እንዲፈለግ አደረገው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጣሊያን ቱሪን በሁለት የብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) የተካሄደ ሙከራ የፔጅንና የዉተርስን ሐሳብ በትንሹ አሳይቷል። ጥንዶቹን ከውጭ ሆኖ በጠቅላላው ለለካ ምንም አልተለወጠም፤ አንደኛውን ፎቶን ሰዓት አድርጎ ሁለተኛውን ለተመለከተ ግን ተለውጧል።