ተጠያቂነቱ ከመሪው ኋላ ላሉትም ይድረስ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2019 ከሰዓት በኋላ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ከሮኪ ተራሮች ወደ ዴንቨር በሚወርደው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ሾፌሩ እንደ ተናገረው ፍሬን በጥሶ፣ ቁልቁል ተወረወረ። ሌክዉድ ከተማ ሲደርስ ከፊቱ መኪኖች ተጨናንቀው ነበር። 28 ተሽከርካሪዎች የተላተሙበት አደጋ ሆነ፤ እሳት ተነሣ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ የ23 ዓመት ወጣት ስደተኛ ነበር። እሱ ተረፈ።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያው በዴንቨር ዙሪያ የምትገኘው ኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን ቤት የሠሩባት ከተማ ናት፤ ከነሱም ከባድ መኪና እያሽከረከረ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ቀላል አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌርም፣ በዚያው መንገድ ልጆቹን ጭኖ የሚመለስ አባትም ከመካከላችን አለ። ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ለአንዱ ወገን ብቻ የቆመ አይደለም።

በኦክቶበር 2021 ጁሪው ወጣቱን በ27 ክሶች ጥፋተኛ አለው። ዲሴምበር 13 ቀን 110 ዓመት ተፈረደበት። ይህ ቁጥር የተደመረበትን መንገድ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። የመጣው ከአራቱ ሟቾች አይደለም። በስድስት የከባድ አካል ጉዳት ክሶች እያንዳንዳቸው 10 ዓመት፣ በአሥር የዚሁ ወንጀል ሙከራ ክሶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ዓመት ተቆጠረበት፤ የኮሎራዶ ሕግ እነዚህ ቅጣቶች አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየቀጠለ እንዲፈጸሙ ስለሚያስገድድ ድምሩ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሆነ። ፍርዱን የሰጡት ዳኛ ሥልጣኑ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ቅጣት እንደማይመርጡት በችሎቱ ተናግረዋል። ሚሊዮኖች የተቃውሞ ፊርማ ካስቀመጡ በኋላ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ጃሬድ ፖሊስ ዲሴምበር 30 ቀን ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉት።

ያን ጊዜ የነበረው ክርክር በአብዛኛው 110 ይብዛ፣ 10 ይነስ በሚለው ላይ ነበር። በበቂ ያልተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመው ለምን አንድ ሰው ብቻ ሆነ? መኪናውን ያሰማራው ቴክሳስ ውስጥ የተቋቋመ ትንሽ ኩባንያ ነበር። ከአደጋው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች 30 ያህል ጥሰት መዝግበውበታል፤ ከነዚህም ውስጥ የፍሬን ጉድለቶች ይገኙበታል። በዚህ አደጋ የወንጀል ክስ የተመሠረተው ግን በሾፌሩ ላይ ብቻ ነው።

ሌላ አደጋ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2018 በኒውዮርክ ግዛት ስኮሃሪ በምትባል የገጠር ከተማ አንድ የተረዘመ ሊሞዚን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ አልያዘም። መስቀለኛው ላይ መቆም ሳይችል አልፎ ገባ፤ 17ቱም ተሳፋሪዎች፣ ሾፌሩና ሁለት እግረኞች፣ በድምሩ 20 ሰዎች አለቁ። መኪናው ከአደጋው በፊት በነበረው ወር ፍተሻ ወድቆ ነበር። በ2023 ጁሪው በ20 የግድያ ወንጀል ክሶች ጥፋተኛ ያለው ኩባንያውን ያስተዳድር የነበረውን ሰው ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የጥገና ጉድለት መኖሩን እያወቀ ሰው ጭኖ መኪናውን ያሰማራ እጁ መሪው ላይ ባይኖርም ገዳይ ሊባል እንደሚችል ፍርድ ቤቱ አሳየ።

ሁለቱም ቁልቁለት ናቸው፤ በሁለቱም ጥያቄው ፍሬን ነው። ከልዩነቶቻቸው ዋናው ግን በስኮሃሪ ሾፌሩ መሞቱ ነው። ሾፌሩ በሕይወት ባለመኖሩ አቃቤ ሕግ ከመሪው ኋላ ማን እንዳለ ማየት ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1978 በስፔን ሎስ አልፋኬስ የመዝናኛ ስፍራ አጠገብ ከአቅሙ በላይ ጋዝ የጫነ ቦቴ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅም እንዲሁ ሆኗል፤ ሾፌሩ እዚያው ስለ ሞተ ጥፋተኛ የተባሉት ቦቴውን ከልክ በላይ የሞሉትና ያሰማሩት ኩባንያዎች ሠራተኞች ነበሩ። ሾፌሩ ከተረፈ ግን ምርመራው በእጅ ባለው ሰው ላይ ይቆማል። ይህ ፍትሕ አይደለም። የአንድ ኩባንያ ባለቤት ተጠያቂነት የራሱ ሾፌር ከእሳት በመውጣቱና ባለመውጣቱ ሊወሰን አይገባም።

ሾፌሩን ነፃ እያልን አይደለም። የፌዴራሉ ደንብ ሾፌር ፍሬኑ በደንብ መሥራቱን ሳያረጋግጥ መኪና እንዳያንቀሳቅስ ያዝዛል። ከአይዘንሃወር ዋሻ እስከ ዴንቨር ያለው መንገድ በ60 ማይል ገደማ ውስጥ ከ3,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር የሚወርድ ነው። ከላይ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር የፍሬን ሸራውን ያቃጥለዋል፤ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ከጎማዎቹ መካከል ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡት መኪናው አይሰማም። ለዚህ ነው በመንገዱ ዳር ፍሬን ለበጠሰባቸው መኪኖች የማምለጫ መንገድ የተሠራው። ወጣቱ ያን መንገድ አልፎት መሄዱ በችሎት ቀርቦበታል፤ ለዚህ መጠየቁም ተገቢ ነው። አራት ቤተሰብ አባወራውን፣ ልጁን፣ ወንድሙን ቀብሯል። ነገር ግን ሸራው ስንት ጊዜ እንደ ተቀየረ፣ ለዚያ ተራራ የሚበቃ ሥልጠና መሰጠቱን፣ መኪናው ለዚያ ጭነት ብቁ መሆኑን የሚወስነው ደሞዝ ከፋዩ እንጂ ደሞዝተኛው አይደለም።

እሳት የተቀላቀለበት አደጋ ደግሞ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። እሳቱ ማስረጃውንም ይበላል። ጎማው፣ የአየር ቱቦው፣ የፍሬን ሸራው፣ አንዳንዴም መረጃ የሚይዘው የመኪናው ኮምፒዩተር አብሮ ይቃጠላል። ፍሬኑ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር ወይስ ሾፌሩ አቃጠለው የሚለውን ብረቱ ካልመሰከረ የሚመሰክረው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ያለው ግን በኩባንያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሕጉ ደግሞ ኩባንያው ሾፌሩ ስለ መኪናው ጉድለት ጽፎ ያስረከበውን ሪፖርት ለሦስት ወር ብቻ እንዲያስቀምጥ ነው የሚያስገድደው። የሥራ ሰዓት መዝገቡን ለስድስት ወር፣ የጥገና መዝገቡን ለአንድ ዓመት፤ ከዚያ በኋላ መጣል ይፈቀዳል። ቤተሰብ ሐዘን ተቀምጦ፣ አርባውን አውጥቶ፣ ጠበቃ ማፈላለግ ሲጀምር ሦስቱ ወር ወደ ማለቁ ነው። ያ ሪፖርት «ፍሬኑ ችግር አለበት ብዬ ነግሬያቸው ነበር» የሚል የሾፌሩም ብቸኛ መከላከያ ሊሆን ይችላል። የሰው ሕይወት በጠፋበት አደጋ ኩባንያው ምንም ዓይነት መዝገብ ምርመራውና ክሱ እስኪያልቅ ድረስ እንዳያጠፋ፣ ማንም ደብዳቤ ባይጽፍለትም፣ በሕግ ሊታገድ ይገባል። የሟች ቤተሰብ ግን ይህ ሕግ እስኪወጣ አይጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠበቃ ይዞ መዝገብ እንዳይጠፋ የሚያሳስብ ደብዳቤ ለኩባንያውም ለኢንሹራንሱም ይላክ። ኮሎራዶ ውስጥ በሞት ምክንያት ለሚቀርብ የካሳ ክስ መደበኛው የጊዜ ገደብ ሁለት ዓመት ነው፤ ማስረጃው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጠፋል።

የገንዘቡም ነገር አለ። ተራ ጭነት በግዛቶች መካከል የሚያመላልስ ከባድ መኪና እንዲይዝ የሚገደደው ዝቅተኛ የኢንሹራንስ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው። ይህ መጠን ከ1980ዎቹ ጀምሮ አልተነካም። የዕቃ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የሆስፒታል ወጪ የት እንደ ደረሰ አንባቢ ያውቀዋል። አራት ሰው ሞቶ፣ ሌሎች ቆስለው፣ 28 ተሽከርካሪዎች በተጎዱበት አደጋ ይህ ገንዘብ ተከፋፍሎ ለአንዱ ተቃጥሎ ለተረፈ ሰው የቆዳ ሕክምና እንኳ አይበቃም። የቀረውን ከኩባንያው እንጠይቅ ሲባል ኩባንያው በዱቤ የተያዘ አንድ መኪና ብቻ ያለው ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱም ቢሮውን ዘግቶ በዘመድ ስም፣ በአዲስ የፈቃድ ቁጥር፣ በዚያው ግቢ ሥራውን ይቀጥላል። ኮንግረስ ሽፋኑን ከዋጋ ንረቱ ጋር ያስተካክለው። አነስተኛ ኩባንያዎች ፕሪሚየሙ ያጠፋናል ብለው እንደሚሟገቱ እናውቃለን፤ ብዙዎቹ የራሳችን ሰዎች ስለሆኑ ስጋታቸውን አንንቀውም። ያ ወጪ ግን ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት የተጎዱት ናቸው።

በ2025 ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከጁን 25 ጀምሮ እንግሊዝኛው በቂ አይደለም የተባለ ሾፌር በመንገድ ፍተሻ ላይ ከሥራ እንዲታገድ ተደረገ። የመንገድ ምልክት ማንበብ ለደህንነት አስፈላጊ መሆኑን አንክድም፤ ቋንቋውን መማርም የእያንዳንዱ ሾፌር ግዴታ ነው። የሚያሳዝነው ሞት በተከሰተ ቁጥር ጥያቄው ወደ ሾፌሩ አነጋገርና የመኖሪያ ወረቀት ማዘንበሉ ነው። ያላለቀ የፍሬን ሸራ የሾፌሩን ዜግነት ሳይጠይቅ መኪና ያቆማል። ያለቀም እንዲሁ ሳይጠይቅ ሰው ይገድላል።

በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህ ጥያቄ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በጽሑፍ መልስ አለው። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ መኪናው መሰረቁን ካስረዳ ከኃላፊነት ሊያመልጥ ይችላል። ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነውም። እርግጥ በዚያው ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የተደረገ ስለሆነ የተጎጂው እጅ ላይ የሚደርሰው ነገር ያሳፍራል። መርሁ ግን ቀና ነው፤ ከመኪናው የሚጠቀም ለመኪናው ይጠየቅ። እዚህም ቢሆን የፌዴራሉ የኪራይ ደንብ በኪራይ ውል ለሚሠራ መኪና መኪናውን ያከራየውን ሳይሆን የፈቃድ ቁጥሩ በበሩ ላይ የተጻፈውን ኩባንያ ሙሉ ኃላፊ ያደርገዋል። ሾፌሩ የራሱን መኪና የያዘ ነው፣ ሠራተኛችን አይደለም የሚለው መከራከሪያ ቤተሰብን ማድከሚያ ሆኖ መቆየት የለበትም። አቃቤ ሕጎችም በካሳ ክስ የሚሠራውን ይህን መርህ ወደ ወንጀል ምርመራቸው ያምጡት። ሰው በሞተበት የከባድ መኪና አደጋ ሁሉ የኩባንያው የጥገና መዝገብና የአለቆቹ የስልክ መልእክት ከሾፌሩ ደም ምርመራ ጋር እኩል በመጀመሪያው ቀን ይያዝ።

በዚህ ላይ ለራሳችን ሰዎች የምንለው አለ። ከወገኖቻችን መካከል አንድ መኪና ይዘው ጀምረው ዛሬ አምስትና አሥር ሾፌር የቀጠሩ አሉ፤ እንኮራባቸዋለን። አዲስ የመጣውን የአገር ልጅ መኪና ላይ አውጥተው እንጀራ ያበሉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን «ሎዱ ነገ ጠዋት ካልደረሰ ብሮከሩ አይከፍለንም፣ ፍሬኑን ስትመለስ እናሠራዋለን» የሚል ቃል በአማርኛም ይነገራል። ወንድሜ፣ አንተ ትብስ ተባብለው በተዋወቁ ሰዎች መካከል ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ አለ፣ የዘመድ አደራ አለ፣ ኪራይ አለ። በዚያ ይሉኝታ ሾፌሩ ወኅኒ ይወርዳል፤ የማያውቀው ቤተሰብም ሰው ይቀብራል። ለሾፌር ሥራ መስጠት ውለታ ነው ብሎ የሚያምን ባለ ኩባንያ የውለታው መጀመሪያ ጋራዥ የተፈተሸ መኪና መስጠት መሆኑን ይወቅ።

ሾፌሩም መብት እንዳለው ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፍሬኑ፣ ጎማው ወይም መብራቱ ለደህንነት የሚያሰጋ መኪና አልነዳም ያለን ሾፌር ማባረር፣ ሰዓቱን መቀነስ፣ ማስፈራራት ይከለክላል። ይህ የደረሰበት ሰው በ180 ቀን ውስጥ ኦሻ ለሚባለው የፌዴራል የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። ሲያመለክት ጉድለቱን የጻፈበትን ሪፖርት ፎቶ አንሥቶ፣ ከአለቃው የተጻፈለትን መልእክት ሳያጠፋ ይያዝ። ማመልከቻው በጽሑፍም በቃልም፣ በማንኛውም ቋንቋ ይቀበሉታል፤ በአማርኛም።